የወዳጆ ጥቁር ፎርድ

ጡሩምባው ከላይ፣ ከአዲሶቹ የጣሊያን ሹማምንት ቤቶች በኩል ሲጮህ ጀማነሽ ምስር እየለቀመች ነበር። እሷ ጆሮዋን አላመነችም፤ አማቷ እማማ ቡዜ ግን አመኑ። ከመደቡ ላይ እንዴት እንደተነሱ እንጃ፣ ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ያለ ደጋፊ ቆመው የማያውቁት ሴትዮ ነጠላቸውን ጥለው በባዶ እግራቸው ደጅ ወጡና እልል አሉ። «ልጄ መጣ! የወዳጆ መኪና ነው! እልልልል!» በዚያ ሰፈር እልልታ ከተሰማ ሁለት ዓመት ሆኖት ስለነበር ሰው የደነገጠው እሪታ የሰማ ያህል ነው። በሩ ሁሉ ገርበብ ገርበብ አለ። ጀማነሽ ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያንን ጡሩምባ ከሺህ ጡሩምባ መሃል ትለየዋለች፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ነበር ያለው። ባሏ ወዳጆ ማታ ሲመለስ ገና ከማዶ «ወጡን አሙቂው» የሚላት በእሱ ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ወጣች።

ጥቁሩ ፎርድ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ወርዶ ከደጃቸው ቆመ። ከመሪው ጀርባ የተቀመጠው ግን ወዳጆ አልነበረም። ታናሽ ወንድሙ በድሉ ነው፤ ለገሃር አጠገብ ባለ የጣሊያን ጋራዥ የሚሠራው በድሉ። የሥራ ቱታውን እንደለበሰ፣ ወደ በሩ ጥግ ተጠግቶ፣ መቀመጫው የሚፈጀው ይመስል ግማሽ ጎኑን ብቻ አሳርፎ ነው የነዳው። እማማ ቡዜ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገብተው የኋላውን ወንበር አዩ፣ ከዚያ የፊቱን አዩ፣ ከዚያ እንደገና የኋላውን አዩ።

«ወዳጆስ?» አሉ።

በድሉ መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት እያየ «ይመጣል እማዬ» አለ።

«እንግዲያው እዚሁ ሆኜ እጠብቀዋለሁ» ብለው ዞረው በሩን ከፈቱና ከጎን ባለው ወንበር ገብተው ተቀመጡ። ወይ ጉድ! ያኔ ልጃቸው ቢለምን ቢለምን «የሰይጣን ሠረገላ ነው፣ በቁሜስ አልገባበትም» እያሉ አንድም ቀን ያልገቡበት መኪና ነው። አሁን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው እንደ ሙሽራ እናት ተቀመጡበት።

ሰፈርተኛው ከየበሩ ወጥቶ ሲያበቃ አንድም ሰው አልቀረበም። አንዷ ያሰጣችውን ልብስ ሰብስባ ገባች። አንዱ ሽማግሌ አማትበው ፊታቸውን አዞሩ። ይኸው ሰፈር ነው እንግዲህ አንድ ሰሞን ለዚህ መኪና ያበደለት። ወዳጆ የአንድ አርመን ነጋዴ ሾፌር ሆኖ ጉልምስናውን የሰው መኪና ሲነዳና ሲያጥብ ነበር የኖረው። የጦርነቱ ወሬ ሲጠና አርመኑ ንብረቱን እየሸጠ ሊሄድ ሲሰናዳ፣ ወዳጆ ከከተማው ዳር ያለችውን የአባቱን መሬት ሸጠ፤ ጀማነሽ የአንገቷን ወርቅ አውልቃ ጨመረችለት። መኪናው ደጃቸው የገባ ቀን ማን ያልመጣ አለ! ልብሱን በእንዶድ የሚያጥበው ሰው ለፎርዱ ማጠቢያ ሳሙና ገዝቶ መጣ። ሴቱ መስተዋቱ ላይ ፊቱን እያየ ሹሩባውን አስተካከለ። የሰፈሩ ሴት ልጅ የምትዳረው በወዳጆ መኪና ካልሆነ ሠርግ አልመስል አለ። አልቃሿ ሸዋዬ፣ ያቺ ድምፀ መረዋ፣ ልጇን የዳረችው በዚያ ነው፤ መኪናው ቢዘገይባት ሙሽራዋን በእግሯ ከምልክ ሠርጉን አፈርሰዋለሁ ብላ እንደነበር አሁንም ሲያወሩት ይስቃሉ። ይስቁ ነበር ማለቱ ይሻላል።

የየካቲቱ እልቂት የመጣ ጊዜ ወታደሮች ደጁ ቆመው መኪናውን አሉ። ወዳጆ ቁልፉን ጥሎ በጓሮ አጥር ቢዘል ወንዙ እዚያው ነበር፤ የሚፈልጉት መኪናውን እንጂ እሱን አልነበረም። እሱ ግን ያንን አላሰበም። «ማርሹ ተንኮለኛ ነው፣ ለማያውቀው ሰው አይገባም፤ ሰባብረው ነው የሚመልሱልኝ። ራሴ አድርሻቸው እመለሳለሁ» ብሏት ወጣ። በኮረብታው በኩል ሲታጠፍ ያየችው የመጨረሻዋ ነው። ከዚያ ሦስቱን ቀን መኪናው በሰፈሩ በኩል ሬሳ ጭኖ ሲመላለስ ሰው በበር ቀዳዳ አየ። ሸዋዬ የገዛ ወንድሟ እግር ከኋላው በር ወጥቶ ሲንጠለጠል አይታለች። ማን ነበር የሚነዳው? አንዳንዱ ወዳጆ ራሱ ነው ብሎ ማለ። ጀማነሽን ፊት ለፊት «የባንዳ ሚስት» ያላት የለም፤ ሰላምታው ግን አጠረ፣ እሳት ሊጭር የሚመጣ ቀረ። አላለቀሱላትም። እሷም ሄዳ ለነፍስ አባቷ ለመምሬ «ፍትሐት ይፈታልኝ» ብትላቸው «ልጄ፣ መሞቱን ያየ አለ? የሰማ እንኳ አለ? በሕይወት ያለን ሰው ሙት ብዬ አልፈታም» ብለው መለሷት። እንዲህ ሆና ነው ሁለት ዓመት የተቀመጠችው፤ ሚስት አይሏት፣ መበለት አይሏት። የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ከሞተ ሞተ ይባልልኝና ላልቅስለት።

በድሉ ፓኞታ ዳቦና ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ገባና መደቡ ላይ አስቀመጠ። ክፍሏ ያው ናት፤ ጭቃ ግድግዳ፣ አንድ አልጋ፣ የእማማ ቡዜ መደብ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የወዳጆ ኮትና ባርኔጣ። በድሉ ወደ ምስማሩ አላየም። ስኳር ዛሬ በስንት ሊሬ እንደሆነ፣ ሰልፉ እንዴት እንደሆነ፣ ካዛንቺስ ላይ ለሹማምንቱ የሚሠሩት ቤቶች ውኃ በቧንቧ ኩሽና ድረስ እንደሚገባላቸው አወራ። ስለ መኪናው ጠይቂኝ እንደማለት ዝም ይልና ደግሞ ስለ ስኳር ይቀጥላል።

«ከየት አመጣኸው?» አለች በመጨረሻ።

«ሊሰባብሩት ነበር እትዬ። ጣሊያኖቹም ጠሉት። ማለቴ... ሾፌሮቹ አንነዳም አሉ። ደህና ሲሄድ ይቆይና ባዶ ሜዳ ላይ ቀጥ ይላል፤ ሞተሩን ፈታን፣ ምንም የለበትም። በብረት ዋጋ ሰጡኝ። እና እኔ ደግሞ ታክሲ አድርጌው፣ ከዚህ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር... እናንተም ከምትቸገሩ። ሰው ሁሉ ይወደው የነበረ መኪና አይደለም እንዴ?»

ጀማነሽ የአማቷን ነጠላ አንስታ በጣሳ ውኃ ይዛ ወጣች። እማማ ቡዜ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ነጠላውን ልታለብሳቸው በነጂው በኩል ጎንበስ ስትል እጇ ወንበሩ ላይ አረፈ። ቆዳው አዲስ ነው። የኋላው ወንበር ያው የድሮው ነው፣ እሷ ራሷ በጥቁር ክር የጠቀመችው ስንጥቅ ሳይቀር አለ። እማማ ቡዜ የተቀመጡበትም የድሮው ነው። የነጂው ብቻ ከነጀርባው ተቀይሮ፣ አሁንም የሙጫው ሽታ አልለቀቀውም። ጀማነሽ እጇን አነሳች። ከዚያ በድሉ መኪናውን ሲነዳ እንዴት እንደተቀመጠ ትዝ አላት።

ቤት ተመልሳ በሩን ዘጋች። «ይኼኛውን ወንበር ብቻ ለምን ቀየራችሁት?»

በድሉ ዳቦውን ከወረቀቱ እያወጣ ነበር። እጁ ቆመ። ዝም አለ፣ ዝም አለች፤ ከውጭ የአንድ ሰው ሳል ይሰማል። እሱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ሁሉ ከዚያ ዝምታ በኋላ ትርፍ ነበር፤ እሷ አውቃለች። ግን ይናገረው ብላ ቆማ ጠበቀችው።

«በእጄ ነው የቀየርኩት» አለ። «ያኔ አብሮ የነበረ አንድ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ አሁን ጋራዥ ነው የሚሠራ፤ እሱ ነው የነገረኝ። የመጀመሪያውን ቀን ነው እትዬ። ገና የመጀመሪያውን ቀን። ሬሳ ጫን አሉት። ከተኙት መሃል የሚተነፍሱ ነበሩ። ‹ይሄ ሰው ይተነፍሳል፣ ሆስፒታል ልውሰደው› አለ። ዝም ብለህ ንዳ አሉት። ቁልፉን ነቅሎ በመስኮት ወረወረው። መሪውን እንደያዘ እዚያው ወንበሩ ላይ...» ጨርሶ ሊለው አልቻለም።

«መቼ ነው የነገረህ?»

«አምና።»

«አምና!» ጀማነሽ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። «አምና አውቀህ አንተ በየሳምንቱ እየመጣህ ስኳር ታወራልኛለህ? ሰው ዓይኑን ሲያዞርብኝ እያየህ? ወንድምህ ባንዳ ሲባል እየሰማህ?»

«መርዶ እንዴት ብዬ ላርዳ እትዬ? መርዶ ለብቻ ይነገራል? ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወግ ነው። ሰው ልሰብስብ ብል ክልክል ነው፤ የየካቲት ሟች ተለቀሰ ብለው ቤት ይበረብራሉ። ደግሞ እማዬ... ብነግራት ትሞትብኛለች። ዛሬ ነገ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል... በቃ አፌ ተያዘ። መኪናውን ሳየው፣ ይዤው ልሂድ፣ ራሱ ይናገር አልኩ።» ትልቁ ሰውዬ ቱታውን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ጀማነሽ ልትመታው ፈልጋ ነበር፤ አልመታችውም። ላልቅስ ብትል እንባው የት እንደገባ ጠፋባት። አሁን የምታስበው አንድ ነገር ሆነ፤ ደጅ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ለሚጠብቁት አሮጊት ማን ይንገር? ምራት ለአማቷ መርዶ አትነግርም። በድሉ ደግሞ ሰው አልሆነም። ወጣች። በነጂው በር አጠገብ ቆማ የምትለውን ስትፈልግ እማማ ቡዜ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ነገረሽ?» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«እንግዲህ አታድክሚኝ ልጄ። እኔ ያወቅሁት ያኔውኑ ነው። ይሄ መኪና በታች በኩል ሲያልፍ ማርሹ ሲያንቋርር ሰማሁ። ወዳጆ ማርሽ አያንቋርርም። እሱን የገደለ እጅ ነው የያዘው አልኩ፣ በልቤ።»

ጀማነሽ የመኪናው መርገጫ ላይ ቁጭ አለች። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ወዳጆ ሲመጣ› ይሉ የነበረው?»

«አንቺ ተስፋ ያለሽ መስሎኝ ነዋ። ልጅ ነሽ፣ እንዳትሰበሪብኝ ብዬ። አንቺስ?»

«እኔም እርስዎ ተስፋ ያለዎት መስሎኝ ነው።» በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዷ ለአንዷ ስትል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሞተ ሰው ወጥ ሲያስቀምጡ ኖረዋል! «ዛሬስ እልል ያሉት?»

«ጡሩምባው ሲጮህ ልቤ ከዳኝ» አሉ እማማ ቡዜ። «እናት ሞኝ ናት። ብታውቅም ሞኝ ናት።» ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ቀና አሉ፤ ፊታቸው የታዘዘ ሰው ሳይሆን የሚያዝ ሰው ፊት ሆነ። «አባቱ የሞተ ጊዜ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ኮርቻው ላይ ተንጠልጥሎ ለቅሶው መሃል ዞሯል። ልጄ ፈረስ አልነበረውም። ፈረሱ ይሄ ነው። ኮቱንና ባርኔጣውን አምጪና እዚህ ወንበር ላይ አድርጊለት። ቂርቆስ ድረስ እናደርሰዋለን።»

በድሉ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። መንታ መንገዱ ላይ የጣሊያን ዘበኛ አለ፣ ሙሾ ቢሰማ ሁላችንንም ይለቅመናል አለ። ሞተሩን ላስነሳና ቶሎ እንለፍ ብሎ እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ አሮጊቷ እጁን ቸብ አደረጉት።

«እንዳትነካው። የሟች ፈረስ ይሳባል እንጂ አይጋለብም። ትገፉታላችሁ። የተበላሸ መኪና መግፋትም ክልክል ነው?»

ጀማነሽ ኮቱንና ባርኔጣውን ከምስማሩ አወረደች። ኮቱ የወዳጆን ትከሻ ቅርጽ እንደያዘ ነበር፤ አዲሱ ቆዳ ላይ ስታስደግፈው ሰው የተቀመጠ መሰለና ወደ ኋላ አለች። በድሉ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ መሪውን ያዘ፤ ጀማነሽ ከኋላ ገፋች። መኪናው ንቅንቅ አላለም። ሰፈርተኛው ከየበሩ ያያል። ያኔ በድሉ፣ ከአምና ጀምሮ አፉ የተያዘው ሰውዬ፣ ዞሮ ለሸዋዬ ነገራት። ለሌላ ለማንም አይደለም፣ ለእሷ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሚተነፍሱትን ሰዎች፣ የተወረወረውን ቁልፍ፣ ወንበሩን ነገራት። «ወንድምሽን ያመላለሰው ሌላ ሰው ነው። ወዳጆ ያን ጊዜ ሞቷል» አላት።

ሸዋዬ ረጅም ጊዜ መኪናውን አየች። የኋላውን በር አየች። መኪናውን ስትጠላው ጀማነሽ አየቻት፤ ፊቷ ላይ ግልጽ ነበር፣ ያ መኪና ለእሷ መቼም መኪና አይሆንላትም። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ መጥታ ከጀማነሽ አጠገብ ሁለት እጇን ጥቁሩ ብረት ላይ አሳረፈች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ክፉ አስቤብሃለሁ ወዳጆ፣ ይቅር በለኝ» አለችው፤ ለኮቱ ነው የምትናገረው። እሷ ስትመጣ ሌላውም መጣ። አማትበው የዞሩት ሽማግሌ ሳይቀሩ ዘንጋቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡበት። መኪናው ተነቃነቀ።

መንገዱ እስከ መንታው ድረስ ለጥ ያለ ነው። ሸዋዬ መጀመሪያ እንደ ሥራ ዘፈን አድርጋ ነው ያነሳችው፤ ግንድ ሲጎተት እንደሚባለው፣ ሰውም «ሆ!» እያለ ተቀበላት።

ግፉት ቀስ አድርጉት፣ አታንገጫግጩት፣
ውስጡ ሰው ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሱት።

«ሆ!» አለ ሰው። እንባው በየፊቱ ይወርዳል፣ ላብ ይመስላል።

መኪናው ቤት ገባ፣ ነጂው መንገድ ቀርቶ፣
እናት ሮጣ ወጣች፣ ጡሩምባ ተሰምቶ።

«ሆ! ሆ!»

መንታው ላይ ዘበኛው ጠመንጃውን ይዞ መሃል መንገድ ገባ። ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ እግር ነው። ሰዉን አየ፣ መኪናውን አየ፣ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አሮጊቷንና ባርኔጣውን አየ። «ጓስታ?» አለ። «ሲ ሲኞሬ፣ ጓስታ። ሞተሩ አልነሳም አለ» አለ በድሉ። ልጁ ሳቀ። ጠመንጃውን ጀርባው ላይ አዞረና መጥቶ ከጀማነሽ ጎን እጁን መኪናው ላይ አደረገ፤ «ፎርዛ! ፎርዛ!» እያለ አብሯቸው ገፋ። ጀማነሽ ያንን እጅ አየችው። ጠቃጠቆ ያለበት፣ ጥፍሩ የቆሸሸ፣ የማንም ልጅ እጅ ነው። ያኔ እዚያ ነበረ ይሆን? አልነበረም ይሆናል፤ ትናንት ከመርከብ የወረደ ይሆናል። ልትጠላው ፈለገች፣ ልትስቅ ፈለገች፣ መጮህ አማራት፤ ጥርሷን ነክሳ ገፋች። ሸዋዬ አላቋረጠችም፣ እንዲያውም ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ሰዉም «ሆ!» አለ፣ ልጁም ዜማው ደስ ብሎት «ሆ!» አለ። የወዳጆን ለቅሶ ጣሊያንም አለቀሰው፣ ሳያውቅ። ትንሽ ገፍቶ እጁን አራገፈና እያፏጨ ወደ ቦታው ተመለሰ።

የቂርቆስ ደጀ ሰላም ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። መምሬ ጫጫታውን ሰምተው መስቀላቸውን ይዘው ወጡና ቆሙ። ኮቱን ሲያዩ ገባቸው። «ምስክር አለ?» አሉ በሹክሹክታ፣ ዓይናቸው ወደ መንገዱ እየሄደ። በድሉ «እኔ አለሁ አባ። ደሙን በእጄ ነው ያጠብኩት» አለ። መምሬ ሽማግሌ ናቸው፣ ይፈራሉ፤ መፍራታቸውን ደግሞ አልደበቁም። ከዚያ ወደ መኪናው ቀረብ ብለው ልክ ሞተሩ ምን እንደነካው የሚያይ ሰው ጎንበስ አሉ።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

በድሉ አያውቀውም። ከውስጥ እማማ ቡዜ «ኃይለ ጊዮርጊስ» አሉ። መምሬ መስቀሉን ባዶው ወንበር ላይ ዘርግተው ፍትሐቱን ጀመሩ፤ ግዕዙ እየተንሾካሾከ ሄዶ ሄዶ መሃሉ ላይ ያ ስም ተጠራ፤ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ከሙታን ጋር። ሰው አንገቱን ደፋ። ጀማነሽ ግን እንደ ግንድ ቆማለች፤ ያን ያህል የለመነችው ነገር ሲመጣ አቅጣጫው ጠፋባት። የኮቱን እጅጌ ይዛ ለቀቀችው፣ ደግሞ ያዘችው።

እማማ ቡዜ በሩን ከፍተው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱና የምራታቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። «አሁን ሞተልን ልጄ» አሉ። «እንግዲህ አልቅሺ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች።